ጥላና ኬክሮስ፦ የፀሐይ ሰዓት ታሪክና አሠራር ከጭሮና ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

የፀሐይ ሰዓት በአንድ ስፍራ ሲሠራ የዚያን ስፍራ ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዞ ይሠራል። ይህ ጽሑፍ የመሣሪያውን ታሪክ በአጭሩ ከቃኘ በኋላ፣ አሠራሩን በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ከተማ መገኛ ላይ ተመሥርቶ በስሌት ያሳያል። ጽሑፉ ሦስት ነጥቦችን ያቀርባል። አንደኛ፣ በአውሮፓ ኬክሮስ የተሠራ የፀሐይ ሰዓት ንድፍ እንዳለ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ቢመጣ አያገለግልም። ሁለተኛ፣ በጭሮ የፀሐይ ቀትር ከእጅ ሰዓት ቀትር ጋር ያለው ልዩነት እንደ ወቅቱ ከዜሮ እስከ 31 ደቂቃ ይደርሳል። ሦስተኛ፣ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ በ12 የመክፈል ልማድ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ላይ ስሕተቱ እጅግ አነስተኛ ነው። ለአካባቢው የሚስማማው ንድፍም ሰሌዳው ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ የሆነው ዓይነት መሆኑ ተመልክቷል።

1. መግቢያ

ፀሐይ ከፍ ስትል ጥላ ያጥራል፤ ዝቅ ስትል ይረዝማል። በቀኑ ውስጥም የጥላው አቅጣጫ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። የፀሐይ ሰዓት ከእነዚህ ሁለት ለውጦች አንዱን ወይም ሁለቱንም በመለካት ጊዜን የሚያሳውቅ መሣሪያ ነው። ርዝመትን የሚለካው ዓይነት ሰሌዳ እንኳ አያስፈልገውም፤ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ የራሱን ጥላ በራሱ ጫማ ሊለካ ይችላል። አቅጣጫን የሚለካው ዓይነት ግን ዘንግ፣ ሰሌዳና በስሌት የተሠመሩ የሰዓት መስመሮችን ይጠይቃል።

በምዕራብ ሐረርጌ ይህ ጉዳይ የታሪክ ቅርስ ብቻ አይደለም። በጭሮ፣ በሒርና፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በሚኤሶ መስጊዶች የዙሁርና የዐስር ሶላት ወቅት በመሠረቱ የሚወሰነው በጥላ ነው። በአሰቦት ተራራ ላይ ያለው የደብረ ወገግ ገዳምም የሚከተለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነግህን፣ ሠለስትን፣ ቀትርን፣ ተሰዓትንና ሠርክን የሚቆጥረው በፀሐይ ጉዞ ነው። ዛሬ ሁለቱም ወገኖች በእጅ ሰዓትና በታተመ ሠንጠረዥ ይጠቀማሉ። ሠንጠረዡ የተሠራው ለሌላ ከተማ ከሆነ፣ ወይም አንባቢው 6 ሰዓት ሁሉ ቀትር ነው ብሎ ከወሰደ፣ የሚፈጠረው ስሕተት ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

2. የመሣሪያው ታሪክ በአጭሩ

ከሚታወቁት የፀሐይ ሰዓቶች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት መካከል አንዱ እ.ኤ.አ. በ2013 የባዝል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግብፅ የነገሥታት ሸለቆ ያገኙት የኖራ ድንጋይ ስባሪ ነው። ዕድሜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 13ኛው ክፍለ ዘመን ይመለሳል። በላዩ ላይ ግማሽ ክብ ተሥሎ በ12 ክፍሎች ተከፍሏል። ግሪኮች ዘንጉንና የቀኑን 12 ክፍሎች ከባቢሎናውያን እንደ ተማሩ ሄሮዶቱስ ጽፏል።

የሮም ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ፕሊኒ እንደሚተርከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ263 ዓመት ቫሌሪዩስ ሜሳላ ከሲሲሊ ካታኒያ ከተማ የፀሐይ ሰዓት ማርኮ በሮም አደባባይ አቆመ። መሣሪያው ለካታኒያ ኬክሮስ የተሠራ በመሆኑ መስመሮቹ ከሮም ሰማይ ጋር አይገጥሙም ነበር። ቢሆንም ሮማውያን 99 ዓመት ያህል ሲመሩበት ኖሩ። በካታኒያና በሮም መካከል ያለው የኬክሮስ ልዩነት ወደ 4.4 ዲግሪ ብቻ ነው። በለንደንና በጭሮ መካከል ያለው ግን ወደ 42.4 ዲግሪ ይደርሳል።

በእስላማዊው ዓለም የሶላትን ወቅት የመወሰን ግዴታ የጥላን ስሌት ወደ ላቀ ደረጃ አደረሰው። በታላላቅ መስጊዶች ይህን ሥራ የሚሠራ ባለሙያ ሙወቂት ይባላል። በደማስቆ የኡመያድ መስጊድ ሙወቂት የነበረው ኢብን አሽ-ሻጢር እ.ኤ.አ. በ1371 ያቆመው ሰሌዳ ዘንጉ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ የሆነ ነው። የዚህ ለውጥ ትርጉም ትልቅ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ በአንድ ሰዓት የሚጥለው ጥላ አቅጣጫ ከወቅት ወቅት ይለያያል። ከዛቢያው ጋር ትይዩ የሆነ ዘንግ ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ጥላውን በአንድ መስመር ላይ ይጥላል።

በኢትዮጵያ የጥላ ልኬት ዕውቀት በግዕዝ ብራናዎች ተጠብቆ ቆይቷል። በየወሩና በየሰዓቱ የጥላን ርዝመት በጫማ የሚያመለክቱ ሠንጠረዦች ከባሕረ ሐሳብ ጽሑፎች ጋር ተያይዘው ይገኛሉ። የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመው ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ዘመን ቆጠራ በጻፈው መጽሐፍ ይህን የዕውቀት ዘርፍ በስፋት መርምሯል። ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ የተገኘው መጽሐፈ ሄኖክም ከምዕራፍ 72 እስከ 82 የፀሐይን ጉዞ በስድስት መስኮቶች ይተነትናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጽሐፈ ሄኖክ ቀንና ሌሊትን በ18 ክፍሎች ከፍሎ ረጅሙን ቀን 12፣ ሌሊቱን ደግሞ 6 ያደርገዋል። ይህ የሁለት ለአንድ ምጣኔ ከጥንታዊ የባቢሎን ሥነ ፈለክ ጋር የሚዛመድ ነው። በጭሮ ኬክሮስ የረጅሙ ቀን ከሌሊቱ ጋር ያለው ምጣኔ 1.09 ለአንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር በታየ ልኬት ላይ የተመሠረተ ነው ማለት አይቻልም። በብራና የሰፈረ ሠንጠረዥ ሁሉ ለየትኛው ኬክሮስ እንደተሰላ ሳይመረመር የአካባቢ ምልከታ ውጤት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

3. የጭሮ ሰማይ በአኃዝ

ጭሮ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.1 ዲግሪ ያህል ኬክሮስና በ40.9 ዲግሪ ገደማ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። የቀትር ፀሐይ በዓመት ውስጥ ከምድር ወገብ እስከ 23.4 ዲግሪ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስለምትሄድ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በከተማዋ አናት ላይ በቀጥታ ታልፋለች። እነዚህ ቀናት ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ገደማ ናቸው። በሁለቱ ቀናት ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ በቀትር ጥላ አይኖረውም። በመካከላቸው ባሉት አራት ወር ተኩል ያህል ጊዜ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሪው ዘመን ወደ ሰሜን ይወድቃል።

አንድ ሜትር ቁመት ያለው ዘንግ በጭሮ በቀትር የሚጥለው ጥላ በታኅሣሥ አጋማሽ 64 ሳንቲ ሜትር ወደ ሰሜን፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ 16 ሳንቲ ሜትር ወደ ሰሜን፣ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ 26 ሳንቲ ሜትር ወደ ደቡብ ነው። የሰው ቁመት ከራሱ ጫማ 6 ተኩል እጥፍ ያህል ነው ብንል፣ ቀትር በታኅሣሥ 4 ጫማ፣ በመጋቢት 1 ጫማ፣ በሰኔ ከ1 ተኩል ጫማ ጥቂት በለጥ ያለ ይሆናል። በሰኔ ጥላው ፊቱን ወደ ደቡብ ማዞሩን ያላስተዋለ ለኪ 1 ጫማ ተኩልን በሁለት ወቅቶች ሊያገኝ ስለሚችል፣ ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውም መመዝገብ አለበት።

የቀኑ ርዝመትም የአካባቢውን ባሕርይ ያሳያል። የብርሃንን መሰበር ሳይጨምር በጭሮ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ32 ደቂቃ፣ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ያህል ነው። ቀኑ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ በ12 እኩል ክፍሎች ቢከፈል አንዱ ክፍል በሰኔ 62.6 ደቂቃ፣ በታኅሣሥ 57.4 ደቂቃ ይሆናል። በሮም ኬክሮስ ተመሳሳዩ ክፍል በበጋ 75፣ በክረምት 45 ደቂቃ ገደማ ነው። የጥንት ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረው የቀን ክፍል በአውሮፓ ከሜካኒካል ሰዓት ጋር ሊስማማ ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነበር። በኢትዮጵያ ግን ልዩነቱ በአንድ ክፍል ከጥቂት ደቂቃ ስለማያልፍ፣ ቀኑን ከጠዋቱ 12 ጀምሮ የመቁጠር ልማድ የእጅ ሰዓት ከመጣ በኋላም ያለ ችግር ሊቀጥል ችሏል።

የመልክዓ ምድር ጉዳይም አለ። ጭሮ በጨርጨር ተራሮች መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ ወደ ላይ ቀጥ ብላ የምትወጣ ስለሆነ አንድ ዲግሪ ከፍታ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከአድማስ 5 ዲግሪ ከፍ ያለ ተራራ የፀሐይን መታየት በ20 ደቂቃ ያህል ያዘገያል ማለት ነው። በቆላማው የሚኤሶ ሜዳ ያለ ተመልካች ንጋትን ቀድሞ ሲያይ በተራራ ሥር ያለው ገና ይጠብቃል። ስለሆነም ከሚታይ ፀሐይ መውጫ ተነሥቶ ሰዓት መቁጠር ለተራራማ ከተማ አያስተማምንም። ተራራ የማያዛንፈው መነሻ ቀትር ነው።

4. ከውጭ የመጣ ንድፍ ለምን አይሠራም?

በአውሮፓ የአትክልት ስፍራዎች የሚታየው የተለመደ የፀሐይ ሰዓት ሰሌዳው አግድም የተኛ፣ ዘንጉ ግን በኬክሮሱ ልክ ወደ ላይ ያዘነበለ ነው። የሰዓት መስመሮቹ ከቀትር መስመር ጋር የሚሠሩት ማዕዘን ታንጀንት፣ ከኬክሮሱ ሳይንና ከሰዓት ማዕዘኑ ታንጀንት ብዜት ጋር እኩል ነው። የሰዓት ማዕዘን ሲባል ከቀትር ወዲህ ላለፈው እያንዳንዱ ሰዓት 15 ዲግሪ ነው።

ይህ ቀመር ለለንደን ሲሰላ የመጀመሪያው ሰዓት መስመር ከቀትር መስመር 11.8 ዲግሪ፣ አምስተኛው 71.1 ዲግሪ ይርቃል፤ መስመሮቹ በሰሌዳው ላይ በአግባቡ ይዘረጋሉ። ለጭሮ ሲሰላ ግን ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ሰዓት ያሉት መስመሮች በ2.4፣ በ5.2፣ በ9.0፣ በ15.3 እና በ30.5 ዲግሪ ላይ ይውላሉ። አምስት ሰዓታት በ30 ዲግሪ ውስጥ ታጭቀው የመጨረሻዋ አንዲት ሰዓት ብቻዋን 60 ዲግሪ ትይዛለች። ዘንጉም ከሰሌዳው በ9 ዲግሪ ብቻ ስለሚነሣ የተኛ ያህል ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ በትክክል ቢሠመርም በቀትር አቅራቢያ ለማንበብ ያስቸግራል።

በግድግዳ ላይ ወደ ደቡብ ዞሮ የሚሠራ ሰሌዳም ሌላ ችግር አለበት። በጭሮ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ከሰሜን በኩል ስለምትሆን ደቡባዊው ግድግዳ በቀትር ጥላ ውስጥ ይወድቃል። ለለንደን የተሠራ የተኛ ሰሌዳ በእጅ ካለ ሊድን የሚችልበት መንገድ አለ፤ ደቡባዊ ጠርዙ በ42.4 ዲግሪ ከፍ ተደርጎ ዘንጉ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ እስኪሆን መዘንበል አለበት። እንዲሁ መሬት ላይ ከተቀመጠ ግን የሮማውያኑን ስሕተት በብዙ እጥፍ ይደግማል።

5. ለጭሮ የሚስማማ ሰሌዳ

ለዝቅተኛ ኬክሮስ የሚመረጠው ሰሌዳው ራሱ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ የሆነ ዓይነት ነው። በጭሮ ይህ ማለት ሰሌዳው ከአግድም 9.1 ዲግሪ ብቻ ማዘንበል፣ ሰሜናዊ ጠርዙም ከፍ ማለት አለበት። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሰሌዳ ሰሜናዊ ጠርዙ ከደቡባዊው 9.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ይበቃል። በሰሌዳው መካከል ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ፣ ከሰሌዳው ጋር ትይዩ የሆነ ቀጥ ያለ ጠርዝ በቋሚ ከፍታ ይቆማል።

የሰዓት መስመሮቹ ሁሉ ከዚህ ጠርዝ ጋር ትይዩ ናቸው። ከመካከለኛው የ6 ሰዓት መስመር ያላቸው ርቀት የጠርዙ ከፍታ በሰዓት ማዕዘኑ ታንጀንት ሲባዛ ይገኛል። የጠርዙ ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ርቀቶቹ 2.7፣ 5.8፣ 10.0፣ 17.3 እና 37.3 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ጠዋት ጥላ ወደ ምዕራብ ስለሚወድቅ በምዕራቡ በኩል 5፣ 4፣ 3፣ 2 እና 1 ሰዓት፣ በምሥራቁ በኩል ደግሞ 7፣ 8፣ 9፣ 10 እና 11 ሰዓት ይጻፋሉ። ፀሐይ በየትኛውም ወቅት፣ ከቀትር በፊትና በኋላ ባሉት ስድስት ስድስት ሰዓታት ውስጥ ከሰሌዳው በላይ ስለምትሆን ሁለተኛ ፊት አያስፈልግም። በ12 ሰዓት ላይ ብቻ ብርሃኑ ከሰሌዳው ጋር ትይዩ ስለሚሆን ንባብ አይኖርም።

ሰሜንን ለማግኘት የኮምፓስ መርፌ ብቻውን አይበቃም፤ መግነጢሳዊው ሰሜን ከእውነተኛው ይለያልና። የቆየው ዘዴ ይበልጥ ይታመናል። በተስተካከለ መሬት ላይ ዘንግ በቀጥታ ይተከልና በእግሩ ዙሪያ ክብ ይሠመራል። ከቀትር በፊት የጥላው ጫፍ ክቡን የሚነካበት ነጥብ፣ ከቀትር በኋላም ዳግመኛ የሚነካበት ነጥብ ምልክት ይደረግባቸዋል። ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብን ያሳያል፤ ለእርሱ ቀጥ ያለው መስመር የቀትር መስመር ነው። አጭሩን ጥላ በመጠበቅ ሰሜንን መፈለግ ግን ፀሐይ በአናት ላይ በምታልፍባቸው ሳምንታት በጭሮ አይሠራም፤ የሚለካ ጥላ የለምና።

6. ጥላና የእጅ ሰዓት

የኢትዮጵያ የእጅ ሰዓት የሚከተለው የ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስን አማካይ ጊዜ ነው። ጭሮ ከዚያ በስተምዕራብ 4.1 ዲግሪ ስለምትርቅ፣ ለአንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ሲታሰብ አማካይ ቀትሯ 16 ደቂቃ ተኩል ያህል ይዘገያል። በዚህ ላይ የምድር ምሕዋር ሞላላነትና የዛቢያዋ ዝንባሌ የሚያመጡት ዓመታዊ ልዩነት ይጨመራል። ሁለቱ ሲደመሩ በጭሮ ከፀሐይ ሰዓት ንባብ ላይ የእጅ ሰዓትን ለማግኘት የሚጨመረው ደቂቃ እንደሚከተለው ነው።

ጥቅምት 24 ገደማ፦ 0
ታኅሣሥ 16 ገደማ፦ 16 ተኩል
የካቲት 4 ገደማ፦ 31
ሚያዝያ 7 ገደማ፦ 16 ተኩል
ግንቦት 6 ገደማ፦ 13
ሰኔ 6 ገደማ፦ 16 ተኩል
ሐምሌ 19 ገደማ፦ 23
ነሐሴ 26 ገደማ፦ 16 ተኩል

እንግዲህ በጭሮ የፀሐይ ቀትርና የእጅ ሰዓቱ 6 ሰዓት የሚገናኙት በጥቅምት ማገባደጃ ብቻ ነው። በየካቲት መጀመሪያ ፀሐይ ከአናት መስመር የምታልፈው 6 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ላይ ነው። የዙሁር ወቅት የሚገባው ፀሐይ የቀትርን መስመር ካለፈች በኋላ በመሆኑ፣ 6 ሰዓትን እንደ ቋሚ ቀትር የሚወስድ ሰው በየካቲት በግማሽ ሰዓት ይቀድማል።

የከተሞቹ ልዩነት ሲታይ፣ የአዲስ አበባ ቀትር ከጭሮ በ8 ደቂቃ ተኩል ያህል ይዘገያል፤ የሐረር ደግሞ በ5 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። በዞኑ ውስጥ ባሉት በሒርናና በገለምሶ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የፀሐይ ክብ ራሷ ግማሽ ዲግሪ ስፋት ስላላት የጥላ ጠርዝ በሁለት ደቂቃ ያህል ይደበዝዛል። ስለዚህ ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ የአዲስ አበባን ሠንጠረዥ እንዳለ መገልበጥ ግን አይበቃም።

የዐስር ወቅት በሐረርጌ በተስፋፋው የሻፊዒ መዝሀብ መሠረት የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ ከቀትር ጥላው በቁመቱ ልክ ሲረዝም ነው። ይህ በጭሮ ሲሰላ ከቀትር በኋላ በሚያዝያ መጀመሪያ 3 ሰዓት ከ2 ደቂቃ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ በሰኔ አጋማሽ 3 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተሰዓት፣ ማለት የቀኑ ዘጠነኛ ክፍል፣ ከቀትር ሦስት የቀን ክፍሎች በኋላ የሚውል ነው። ይህም በታኅሣሥ 2 ሰዓት ከ52 ደቂቃ፣ በሰኔ 3 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይሆናል። ፀሐይ በከተማዋ አናት በምታልፍበት የሚያዝያ መጀመሪያ የሁለቱ ልዩነት ከደቂቃ አይበልጥም፤ በታኅሣሥ ደግሞ እስከ 28 ደቂቃ ይራራቃሉ። ሁለቱ ሥርዓቶች ከአንድ ጥላ ተነሥተው አንዱ የጥላን ርዝመት፣ ሌላው የቀንን ክፍል ስለሚለኩ ነው።

የአካባቢ ቀትር ለጋራ ሥራ በቂ ያልሆነው የርቀት ጉዞ ሲፋጠን ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ሚኤሶና አሰቦትም በመስመሩ ላይ ጣቢያ ሆኑ። በየጣቢያው ጥላ የሚመራ ባቡር መነሻና መድረሻው ሊቀናጅ አይችልም፤ የጋራ ሰዓት ግድ ይሆናል። ከዚያ በፊት በተጻፈ ሰነድ ላይ የሚገኝ ሰዓት ግን በጽሕፈት ቦታው ፀሐይ የተቆጠረ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪ ልብ ማለት አለበት።

7. ማጠቃለያ

የፀሐይ ሰዓት ደመና ባለበትና በሌሊት አያገለግልም፤ ከሁለት ደቂቃ የተሻለ ጥራትም በቀላሉ አይሰጥም። በእነዚህ ወሰኖች ውስጥ ግን ለአንድ ስፍራ በትክክል ከተሠራ ያለ ጥገና ለዘመናት ያገለግላል። ከላይ የቀረበው ስሌት እንደሚያሳየው ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የሚስማማው በ9 ዲግሪ ያዘነበለው ትይዩ ሰሌዳ፣ ከዓመታዊው የማስተካከያ ሠንጠረዥ ጋር ነው። ሲሚንቶ፣ የብረት ጠርዝና የታንጀንት ሠንጠረዥ ያለው ማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሠራው ይችላል። ተማሪዎች በየወሩ የቀትር ጥላን ርዝመትና አቅጣጫ ቢመዘግቡ፣ በዓመቱ መጨረሻ የከተማቸውን ኬክሮስ ከራሳቸው ግቢ ጥላ ሊያወጡ ይችላሉ። በግዕዝ ብራናዎች ያሉት የጥላ ሠንጠረዦች ለየትኛው አገር እንደተሰሉ ለመለየትም እንዲህ ያለው ከየአካባቢው የተሰበሰበ ልኬት ማነጻጸሪያ ይሆናል።